ማሲንቆ ላይ ማይክ መግጠም፦ ቆዳው ሳይነካ፣ እንጨቱ ሳይበሳ

ባሕር ዳር ውስጥ፣ በአዝማሪ ቤትም ሆነ ጣና ዳር ባሉ ሆቴሎች በረንዳ ላይ፣ ማሲንቆ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው በዘፋኙ ማይክ ትራፊ ነው። ማይኩ ለአፍ ይቆማል፤ ማሲንቆው ከታች ሆኖ የደረሰውን ያህል ይገባበታል። አዝማሪው ብቻውን ሲሆን ይህ ያስኬዳል። ኪቦርድና ድራም ሲጨመሩ ግን ማሲንቆው እጅ ላይ ይታያል እንጂ አይሰማም። ሳውንድማኑ እሱን ለማውጣት ጌይን፣ ማለትም የማይኩን ድምፅ የሚያጎላውን ቁልፍ፣ ሲጨምር ስፒከሩ ያፏጫል፤ ሲቀንስ ማሲንቆው ተመልሶ ይሰምጣል።

ሁለተኛ ማይክ በማቆሚያ አድርጎ ፊቱ መትከልም ብዙ አያዛልቅም። አዝማሪ አንድ ቦታ አይተከልም፤ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ፣ ስም እየጠራ ነው የሚያወድሰው። ቁጭ ብሎ ሲጫወት እንኳ ሰውነቱ ከዜማው ጋር ይወዛወዛል። ስለዚህ ማይኩ ከማሲንቆው ጋር አብሮ መንቀሳቀስ አለበት፤ አብሮ ሲንቀሳቀስ ደግሞ ቆዳውን መንካት የለበትም። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ እነዚህን ሁለት ነገሮች ለማስታረቅ ነው።

የሚገኘው ጥቅም ትንሽ አይደለም። ማይክ ከድምፁ ምንጭ ያለው ርቀት በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ በግምት 6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ይጨምራል። ማቆሚያ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ የነበረው ማይክ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ሲጠጋ ጭማሪው 15 ዴሲቤል ገደማ ይሆናል። ስሌቱ ድምፁ ከአንድ ነጥብ እንደሚወጣ አድርጎ ስለሚያስብ፣ ሰፊ ቆዳ አጠገብ ትክክለኛው ቁጥር ከዚህ ያንሳል፤ ቢሆንም ልዩነቱ ማንም ጆሮ የሚሰማው ነው። ሚክሰሩ ላይ ጌይኑን በዚያው መጠን ትቀንሳላችሁ ማለት ነው፤ ፉጨቱ የሚጠፋውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ድምፁ ከየት ነው የሚወጣው

ማሲንቆ አንድ አውታር አለው፤ አውታሩ ከብዙ የፈረስ ጭራ ፀጉር የተሰበሰበ ነው። ረጅሙ ዘንግ በእንጨት ሳጥኑ ውስጥ ያልፋል፤ ሳጥኑ በአንድ ማዕዘኑ የቆመ አራት ማዕዘን ሆኖ ቆዳ ለብሷል። አውታሩን ከቆዳው በላይ የምትይዘው ትንሿ እንጨት፣ ብርኩማዋ፣ እግሯ የቆመው ቆዳው ላይ ነው። ደጋኑ አውታሩን ሲስብ ብርኩማዋ ትንቀጠቀጣለች፣ ቆዳውንም ታንቀጠቅጣለች። አየሩን የሚገፋው ቆዳው ነው።

ይህ አንድ ሕግ ይሰጠናል፦ ቆዳው ላይ የሚያርፍ ማንኛውም ነገር ድምፁን ያፍናል። ክሊፕ፣ ፕላስተር፣ ስፖንጅ ሁሉም ያው ነው። ለማረጋገጥ ሌላ ሰው እየተጫወተ ከብርኩማዋ ሁለት ጣት ያህል ራቅ አድርጋችሁ ቆዳውን በጣት ጫፍ ንኩት። ድምፁ ወዲያው ይደፈናል። ጥቂት ግራም የምትመዝን ማይክ በፕላስተር ብትለጠፍም ውጤቱ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ልዩነቱ ጣቱ ይነሳል፣ ፕላስተሩ ግን ሌሊቱን ሙሉ ይቆያል።

የኮንትራባስ ተጫዋቾች ከረጅም ጊዜ ጀምሮ የሚጠቀሙበት ዘዴ አለ። ማይኩን በስፖንጅ ጠቅልለው ከብርኩማው እግሮች መካከል ወይም ከብርኩማው በታች ባለው የአውታር ማሰሪያ ሥር ይወትፉታል። ኮንትራባስ ግን ሰው የሚያህል የእንጨት ሳጥን ነው፤ ብርኩማውም ትልቅና ከባድ ስለሆነ ተጨማሪ 300 ግራም ብዙ አያስጨንቀውም። ሹር ኤስ ኤም 58 ማይክ 298 ግራም ይመዝናል። ያንን ማሲንቆ ብርኩማ ሥር መወተፍ ቆዳውን መግደል ነው። ከኮንትራባሱ የምንወስደው ሐሳቡን ብቻ ነው፦ ማይኩ በስፖንጅ ተንሳፍፎ ይቀመጥ፣ ከእንጨቱ የሚመጣው መንቀጥቀጥ እንዳይደርሰው። ቦታውንና መያዣውን ግን ለማሲንቆ እንደሚሆን መቀየር ግድ ነው።

ለመሣሪያ ተብለው የተሠሩ ውድ ማይኮች አሉ፤ ለምሳሌ ዲፒኤ 4099። ድምፃቸው እጅግ ጥሩ ነው። አብረዋቸው የሚሸጡት ክሊፖች ግን ለቫዮሊን፣ ለቼሎ፣ ለጊታር ቅርጽ የተለኩ ናቸው። የቫዮሊኑ ክሊፕ የቫዮሊኑን ጎን ያቅፋል፤ የማሲንቆን ሳጥን ሲያቅፍ ግን ጥርሱ የሚያርፈው ቆዳው ላይ ነው። ማይኩ በእጃችሁ ካለ ክሊፑን ትታችሁ ከታች የተገለጸውን መያዣ ተጠቀሙ።

ማይኩን መምረጥ

ለዚህ ሥራ የሚስማማው ትንሹ የደረት ማይክ፣ ላቫሊየር የሚባለው ነው። ከኬብሉ ውጭ ጥቂት ግራም ብቻ ነው የሚመዝነው። አብዛኞቹ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ይሰማሉ። ይህ ዓይነቱ ለመሣሪያ ሁለት ጥቅም አለው፤ በጣም ሲጠጋ የወፍራሙን ድምፅ አያሳብጥም፣ የንክኪ ኮሽታም ያን ያህል አይገንበትም። ጉዳቱ ደግሞ የዘፋኙን ድምፅ፣ ከበሮውንና ስፒከሩንም እኩል መስማቱ ነው። ከፊቱ ያለውን ብቻ የሚመርጠው ካርዲዮይድ ፉጨትን ይቋቋማል፤ ነገር ግን 5 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲሆን ወፍራሙን ድምፅ ያሳብጣል፣ በነፋስም ይበልጥ ይጎዳል። ብቻውን ወይም ከአንድ ከበሮ ጋር ለሚጫወት አዝማሪ ከሁሉም አቅጣጫ የሚሰማው ይሻላል። ሙሉ ባንድ መካከል ከሆነ ካርዲዮይዱን ምረጡ።

ከመግዛታችሁ በፊት ጃኩን እዩ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። የጃኩን ጥቁር ቀለበቶች ቁጠሩ። ሦስት ከሆኑ ማይኩ የተሠራው ለስልክ ነው፤ ሁለት ከሆኑ ለካሜራና ቀበቶ ላይ ለሚታሰሩ ገመድ አልባ ላኪዎች ነው። የስልኩን ማይክ ላኪው ላይ ብትሰኩት ድምፅ አይሰጥም፣ ቢሰጥም ደካማ ይሆናል፤ ገመዶቹ በጃኩ ላይ የተያዙበት ቅደም ተከተል የተለየ ስለሆነ ነው። አንዳንድ ላኪዎች ብሎን ያለው ጃክ ወይም ባለ 4 ፒን ሶኬት አላቸው፤ ላኪውን ይዛችሁ ሄዳችሁ እዚያው ሞክሩት።

በገመድ ከሚክሰሩ ጋር የምታገናኙት ከሆነ ሌላ ጥንቃቄ አለ። እነዚህ ማይኮች የሚሠሩት በጥቂት ቮልት ነው። ሚክሰሩ የሚልከው ፋንተም ፓወር ደግሞ 48 ቮልት ነው። ስለዚህ 48 ቮልቱን ወደሚፈለገው መጠን የሚያወርድ አዳፕተር መሃል መግባት አለበት። ጃክን ከማይክ ሶኬት ጋር በቀጥታ የሚያያይዝ ተራ ገመድ ይህን አይሠራም፤ ማይኩንም ሊያቃጥል ይችላል።

መያዣውን መሥራት

የሚያስፈልገው ሁሉ ከኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫና ከብስክሌት ጠጋኝ ዘንድ ይገኛል። ባሕር ዳር ደግሞ ብስክሌት ጠጋኝ የሚጠፋባት ከተማ አይደለችም። ባለ 2.5 (ካሬ ሚሊ ሜትር) የመብራት ሽቦ፣ ውስጡ አንድ ወጥ መዳብ የሆነ፣ ከነላስቲኩ 50 ሴንቲ ሜትር፤ ከብስክሌት ከመነዳሪ የተቆረጡ ሁለት ቁራጮች፣ እያንዳንዳቸው 2 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 15 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፤ ለስላሳ የፍራሽ ስፖንጅ፣ በሁሉም በኩል 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ፤ ጠንካራ የጥጥ ክር፤ የመብራት ናስትሮ፤ ፒንሳና መቀስ። ውስጡ ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉትን ሽቦ አትግዙ፤ ያኛው ተለዋዋጭ ስለሆነ ማይኩን ተሸክሞ አይቆምም። የ1.5ቱ ሽቦ ደግሞ በደጋኑ ምት ይርገበገባል። የ2.5ቱ መዳብ በሜትር 22 ግራም ገደማ ስለሚመዝን 50 ሴንቲ ሜትሩ ከነላስቲኩ ከ15 ግራም ብዙ አይበልጥም፤ ያም የሚያርፈው ዘንጉ ላይ እንጂ ቆዳው ላይ አይደለም።

መያዣው የሚታሰረው ዘንጉ ከሳጥኑ በታች በሚወጣበት ጫፍ ላይ ነው። ቦታው ወፍራም እንጨት ነው፣ ቆዳ የለበትም፣ ደጋኑም አይደርስበትም። ማሲንቆ ሁሉ በአንድ ልክ ስለማይሠራ ይህ ጫፍ አጭር የሆነበት ያጋጥማል። ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ካልወጣ ከሳጥኑ በላይ ባለው የዘንጉ ክፍል እሰሩ፤ በዚያ ጊዜ ግን ሽቦው ከደጋኑ መንገድ እንዲርቅ ወደ ጎን ወጥቶ መታጠፍ ይኖርበታል። ምንም ቢሆን እንጨቱን አትብሱ፣ ምስማር አትምቱ፣ ሙጫ አትቀቡ። ማሲንቆው የአንድ ሰው እንጀራ ነው፤ የገባ ቀዳዳ ደግሞ አይወጣም።

1. ሽቦውን መሃሉ ላይ እጠፉትና ከታጠፈበት ጫፍ ጀምሮ 12 ሴንቲ ሜትሩን በፒንሳ እርስ በርሱ ጠምዝዙት። ጫፉ ላይ ትንሽ ጣት የምታስገባ ቀለበት ተዉ። ከታች ሁለት ነጻ እግሮች፣ እያንዳንዳቸው 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ይቀራሉ።

2. አንዱን የከመነዳሪ ቁራጭ በዘንጉ ጫፍ ላይ ሁለት ዙር ጠቅልሉ። የጎማው ሥራ ሁለት ነው፤ ሽቦው እንጨቱን እንዳይቧጭር፣ የዘንጉ መንቀጥቀጥም ወደ ሽቦው እንዳይሻገር። የአውታሩን ማሰሪያ አብራችሁ እንዳትጠቀልሉ፤ ማሰሪያው ከተጫነ ቅኝቱ አይጸናም።

3. ሁለቱን እግሮች በጎማው ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ ጠምጥሙ፤ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ከዞሩ መያዣው በመጀመሪያው ዘፈን መዞር ይጀምራል። የሽቦዎቹን ሹል ጫፎች ወደ ውስጥ አጥፋችሁ በናስትሮ ሸፍኑ፤ ያለዚያ የተጫዋቹን ሱሪ ወይም ጭን ይወጋሉ።

4. ሁለተኛውን ከመነዳሪ ወጥራችሁ በሽቦው ላይ ጠቅልሉና ጫፉን ከራሱ ሥር ሸጉጡት። አሁን መያዣውን በጣት ገፋ አድርጉት፤ ዘንጉ ላይ ከተንሸራተተ ፈታችሁ ይበልጥ ወጥሩ።

5. ስፖንጁን መሃል ለመሃል ብሱት። ቀዳዳው ከማይኩ ትንሽ ጠበብ ይበል። ክሊፑን አውልቃችሁ ማይኩን ክተቱ፤ የሚሰማበት ፊቱ ከስፖንጁ ጠርዝ ጋር እኩል ይሁን። ስፖንጁን በሽቦው ቀለበት ውስጥ አስገብታችሁ በክር ሁለት ቦታ እሰሩ። ክሩ ስፖንጁን ያጥብቅ እንጂ አይጭመቀው፤ የተጨመቀ ስፖንጅ እንደ እንጨት ይሆናል፣ መንቀጥቀጡንም ያሳልፋል።

ቦታውን መፈለግ

ከሥራው ሁሉ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው። ግማሽ ሰዓት መድቡለት፣ ከተቻለም ሁለት ሰው ሁኑ።

መነሻው፦ ማይኩ ከብርኩማዋ 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች፣ ከአውታሩ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን፣ ከቆዳው 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ቆዳው አዙሮ ይሁን። ከአውታሩ ወደ ጎን የምናወጣው ከደጋኑ የሚረግፈው የዕጣን ዱቄት በቀጥታ እንዳይወርድበት ነው። ተጫዋቹ አንድ የሚያውቀውን ትዝታ 20 ሰከንድ ያህል ይምታ፤ ማይኩ የሚያወጣውን ድምፅ ቅዱ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ እየቀየራችሁ፣ ያንኑ ዜማ በዚያው ጉልበት እያስመታችሁ፣ ሦስት ወይም አራት ቦታ ቅዱ፤ ወደ ታችኛው ማዕዘን፣ ወደ ጎን፣ ወደ ብርኩማዋ። የተቀዳውን በስልክ ስፒከር ሳይሆን በጆሮ ማዳመጫ ስሙ።

የምትሰሙት ይህን ይመስላል። ወደ ብርኩማዋ በቀረባችሁ መጠን የደጋኑ ፍትጊያ ይጎላል፤ የጣቱ ርግብግብታ፣ ድምፁን የሚያጥፍበት ጥበብ ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ሲበዛ ግን ጆሮ ይቧጭራል። ወደ ሳጥኑ ጠርዝ ስትሄዱ ፍትጊያው ይለሰልሳል፣ ድምፁም ይሳሳል፤ ቆዳው እንጨቱ ላይ የተወጠረበት ቦታ ስለማይንቀጠቀጥ ነው። በጀርባ በኩል ያለው ድምፅ ክብና ድፍን ነው፤ ተጫዋቹ ሳጥኑን ወደ ሆዱ ባስጠጋ ቁጥር ደግሞ ጋቢው ያፍነዋል። የጀርባውን ቦታ ለመድረክ አንመክርም። ማይኩን ሳጥኑ ውስጥ መክተትም እንዲሁ፤ ውስጡ እንደ ባዶ እንስራ ያስተጋባል፣ ለመግባትም ቆዳ መቅደድ ይጠይቃል።

ከቆዳው ያለው ርቀት ከ3 ሴንቲ ሜትር አይነስ። ከዚያ በታች ተጫዋቹ ደጋኑን ሲጫን መያዣው ተርገብግቦ ማይኩና ቆዳው ሊነካኩ ይችላሉ፤ አንዴ ሲነካካ በስፒከር የሚወጣው ድምፅ እንደ በር ምት ነው። ከ7 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲሆን ደግሞ የዘፋኙ ድምፅ ማሲንቆውን ማጀብ ሳይሆን መሸፈን ይጀምራል።

የወደዳችሁትን ቦታ ስታገኙ ምልክት ያዙ። በዘንጉ ጫፍ ላይ በእርሳስ ስስ መስመር አድርጉ፣ የማይኩን ርቀት ደግሞ በክር ለኩና ክሩን ማሲንቆው ማኅደር ውስጥ አስቀምጡ። በሚቀጥለው ቀን ሥራው አምስት ደቂቃ ይሆናል።

ገመዱ

ብዙ ጊዜ ማይኩ ነው የተበላሸው እየተባለ ጥፋቱ የገመዱ ሆኖ ይገኛል። ቀጭኑ ኬብል ከማይኩ እንደወጣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ልል ጥምዝ ይሥራና ከሽቦው ክንድ ጋር በክር ይታሰር። ኬብሉ ሲጎተት ክሩ ይያዘው እንጂ ማይኩ አይጎተት። ክንዱን ተከትሎ እስከ ዘንጉ ጫፍ ይውረድ፤ እዚያ እንደገና ይታሰር። ከዚያ እስከ ቀበቶው ላኪ ድረስ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ተዉ። ተጫዋቹ ማሲንቆውን ወደ ላይ አንስቶ ሲጫወት ያ ትርፍ ያስፈልጋል። ኬብሉን አትቋጥሩት፤ ቋጠሮ ውስጡን ይሰብረዋል።

ኬብሉ ከጋቢና ከነጠላ በታች ሳይሆን በላይ ይለፍ። ጨርቅ ኬብል ላይ ሲታሽ የሚፈጥረው ኮሽታ በማይኩ ይሰማል። ሁሉም ሲያልቅ ጆሮ ማዳመጫ አድርጋችሁ ተጫዋቹ ሳይመታ እንዲነሳ፣ እንዲቀመጥ፣ ግራና ቀኝ እንዲዞር ጠይቁት። የሚሰማ ኮሽታ ካለ ምንጩን አሁኑኑ ፈልጉት።

ሚክሰሩ ላይ

ኢኳላይዘሩን፣ የወፍራምና የቀጭን ድምፅ ማስተካከያዎቹን፣ ሁሉ መሃል ላይ አድርጋችሁ ጀምሩ። ተጫዋቹ የሌሊቱን ትልቁን ምት ይምታ፤ ሲያሞቅ የሚመታውን እንጂ ሲሞክር የሚመታውን አይደለም። መለኪያው ከዜሮ በታች ከ12 እስከ 6 ዴሲቤል ባለው መካከል እንዲመታ ጌይኑን አቁሙ። ይህን ካለፈ ድምፁ ሲጦፍ ይሰነጠቃል።

ቀጥሎ ሎው ከት፣ ከተወሰነ ልክ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ የሚቆርጠው ቁልፍ። ማሲንቆ እንደ ዘፋኙ ድምፅ ስለሚቃኝ ለሁሉ የሚሆን ቁጥር የለም። በስልክ ላይ ያለ የመቃኛ መተግበሪያ ክፍቱን አውታር ሲመታ ስንት ኸርዝ እንደሆነ ይነግራችኋል። ከዚያ በታች የማሲንቆ ዜማ የለም፤ ያለው የእግር ምት፣ የነፋስና የመያዣ ኮሽታ ነው። ክፍቱ አውታር 200 ኸርዝ ከሆነ እስከ 120 ድረስ በድፍረት ቁረጡ። ብዙ ትንንሽ ሚክሰሮች ላይ ቁልፉ 75፣ 80 ወይም 100 ኸርዝ ላይ የተተከለ ነው፤ እሱም ቢሆን ከምንም ይሻላል።

የሚቧጭር ወይም እንደ አፍንጫ የሚነፋነፍ ድምፅ ካለ በግምት አትቁረጡ። ዋናውን ስፒከር ዝቅ አድርጉና በጆሮ ማዳመጫ እየሰማችሁ የመካከለኛውን ኢኳላይዘር ከፍ አድርጋችሁ ድግግሞሹን ቀስ እያላችሁ አዙሩት። የሚያስጠላው ድምፅ ጎልቶ በወጣበት ቦታ አቁሙና ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል ቀንሱ። ከዚያ በላይ መቀነስ ካስፈለገ ጥፋቱ የማይኩ ቦታ ነው፤ ወደ ማሲንቆው ተመለሱ።

አዝማሪው በሌላ ማይክ እየዘፈነ ከሆነ የማሲንቆው ማይክም ዘፈኑን ይሰማል። ከአፍ እስከ ማሲንቆው ማይክ 45 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ዘፈኑ እዚያ የሚደርሰው 1.3 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ የሰውየው ድምፅ ቧንቧ ውስጥ እንዳለ ይሆናል። መድኃኒቱ የዘፈኑ ማይክ ከአፍ ከ5 ሴንቲ ሜትር ብዙ እንዳይርቅና የማሲንቆው ፌደር (ሚክሰሩ ላይ ድምፁን የሚያወጣውና የሚያወርደው ተንሸራታች) ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይወጣ ነው። የማሲንቆው ቻናል የፖላሪቲ መገልበጫ ቁልፍ፣ ማለትም የድምፁን ሞገድ የሚያገላብጥ፣ ካለው ሁለቱንም ሞክሩና ድምፁ ሞልቶ የሚሰማበትን ያዙ።

የመጨረሻው ስፒከሩ ነው። ገመድ አልባ ማይክ ለአዝማሪው ነጻነት ይሰጠዋል፤ እሱም ዞር ዞር እያለ ስፒከሩ ፊት ይደርሳል። ስፒከሮቹ ከሚዞርበት ቦታ ፊት ይቁሙ፤ የማያልፈውን መስመርም ከሥራው በፊት አብራችሁ በእግር ሄዳችሁ አሳዩት። ከስፒከሩ ጎን 2 ሜትር መራቅ መነሻ ነው፤ እውነተኛውን ልክ ቤቱ ራሱ ይነግራችኋል።

ጣና ዳር ሲሆን

ቀን ቀን ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል፤ ሲመሽ ይዳከማል፣ አቅጣጫም ይቀይራል። ሣሩ ላይ በተዘረጋ ጠረጴዛ መካከል ከሰዓት በኋላ የሚጫወት አዝማሪ ማይኩ ነፋስ ይጠጣል። ስፖንጁ ብቻውን አይበቃም። ጸጉራም ከሆነ የልጅ ብርድ ልብስ ስፖንጁን ሸፍኖ ከኋላ የሚሰበሰብ ክብ ቆርጣችሁ፣ ጸጉሩን ወደ ውጭ አድርጋችሁ፣ ማይኩን ከነስፖንጁ እንደ ከረጢት አልብሱትና ከኋላ በክር ሰብስቡት። ልብሱ ራሱ ቆዳውን እንዳይነካ ርቀቱን ወደ 5 ሴንቲ ሜትር አውጡ። ሎው ከት የነፋሱን ጉምጉምታ ይቀንሳል፤ ነፋሱ ማይኩን ራሱን ካጨናነቀው ግን በሚክሰር የሚድን ነገር የለም፤ መከላከል ያለበት እዚያው ምንጩ ላይ ነው።

ክረምት ሌላ ጣጣ አለው። ከሰኔ እስከ መስከረም ቆዳው እርጥበት ይጠጣና ይላላል፤ ብርኩማዋ ወደ ታች ትሰምጣለች፣ ቅኝቱ ይወርዳል። ተጫዋቾች ፍም አጠገብ ወይም ፀሐይ ላይ አሙቀው ይወጥሩታል። በዚህ ጊዜ ማይኩ ላዩ ላይ አይኑር፤ ሙቀቱ ስፖንጁንም ማይኩንም ይጎዳል። ቆዳው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ከፍታው ስለሚቀያየር፣ በየዕረፍቱ ያንን የለካችሁበትን ክር አውጥታችሁ ርቀቱን እዩ። በደረቁ ወራት፣ በተለይ በጥር የሰርግ ዳስ ውስጥ፣ ቆዳው ስለሚወጠር ማሲንቆው ይጮኻል፤ ጌይኑን ከክረምቱ ዝቅ ማድረግ ይኖርባችኋል።

ባንዱ በጣም ሲጮኽ

ድራሙ አጠገብ ከሆናችሁና ማይኩ ከማሲንቆው ይልቅ ድራሙን ከሰማ ፒዬዞ፣ ከአየር ሳይሆን ከእንጨቱ መንቀጥቀጥ ድምፅ የምትወስድ ስስ ክብ ዕቃ፣ መሞከር ይቻላል። 27 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ክብ ፒዬዞ ከኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ጠጋኞች ዘንድ ትገኛለች። በስስ ባለሁለት ፊት ፕላስተር ሳጥኑ ጎን እንጨት ላይ ለጥፏት፤ ወፍራሙ ስፖንጅ ያለው ፕላስተር መንቀጥቀጡን ስለሚውጥ አይሆንም። ገመዷ ጋሻ ያለው (ዙሪያውን በሽቦ የተሸፈነ) መሆን አለበት፤ ያለዚያ የ50 ኸርዝ የመብራት ጉምጉምታ ይገባል።

ፒዬዞ ሚክሰር ላይ በቀጥታ ሲሰካ ቀጭንና ደረቅ ድምፅ ይሰጣል። ምክንያቱ የሚክሰሩ መግቢያ የጥቂት ሺህ ኦም ተቃውሞ ሲኖረው ፒዬዞ ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም መፈለጓ ነው፤ ዝቅተኛ ተቃውሞ ወፍራሙን ድምፅ ይበላዋል። መሃል ላይ ለዚህ የሚሆን ፕሪአምፕ (ትንሽ ማጉያ) ወይም ባትሪ ያለው ዲ አይ ቦክስ (መሣሪያን ከሚክሰር ጋር የሚያስማማ ሳጥን) አስገቡ። ያም ሆኖ የፒዬዞ ድምፅ የእንጨት ድምፅ ነው፤ ቆዳው የሚተነፍሰው አየር የለበትም። ከቻላችሁ ከማይኩ ጋር ቀላቅሉት፤ ፒዬዞውን ለሞኒተር (ተጫዋቹ ራሱን ለሚሰማበት ስፒከር)፣ ማይኩን ለሕዝቡ ማድረግም ጥሩ ክፍፍል ነው።

ሲበላሽ የት እንደሚታይ

ድምፁ ከሳምንት ሳምንት እየደፈነ ከሄደ ኢኳላይዘር አትጨምሩ። የዕጣን ዱቄት የማይኩን ወንፊት ደፍኖታል። ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ በደረቅና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አራግፉ፤ ውኃም አልኮልም አይንካው። ስፖንጁን በየሁለት ወሩ ቀይሩ።

ቆዳው ላይ የሚንጫጫ ድምፅ በድንገት ከመጣ ብር መሆኑን እዩ። ሲሸለም ግንባር ላይ ከሚለጠፈው ሌላ፣ ማሲንቆው ላይ የሚሰካ ሰው አይጠፋም፤ ወረቀቱ ከቆዳው ወይም ከአውታሩ ጋር ሲነካካ ይጮኻል። ሰብሳቢ ጓደኛ ካለ ቶሎ እንዲያነሳው ንገሩት።

ድምፁ እየተቆራረጠ ከመጣ መጀመሪያ ባትሪውን፣ ቀጥሎ ጃኩን እዩ። በ2.4 ጊጋ ኸርዝ የሚሠራ ላኪ ከሆነ ደግሞ የሆቴሉ ዋይፋይ ይሻማበታል፤ ተቀባዩን ከዋይፋይ ሳጥኑ አርቃችሁ፣ ላኪውን በዓይን በሚያይበት ቦታ ከፍ አድርጉት። መብራት ጠፍቶ ጀነሬተር ሲነሳ ጉምጉምታ ከመጣ ሚክሰሩና ተቀባዩ ከአንድ ሶኬት መነሳታቸውን አረጋግጡ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የማሲንቆውን ፌደር ወዲያው አውርዱት፤ ኃይሉ ሲመለስ የሚመጣው ምት ስፒከሩን እንዳይመታ።

ፉጨቱ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከመጣ ክፍሉን ተጠያቂ አድርጉ፤ የትም ከተከተላችሁ ጌይኑን።

ሥራው ሲያልቅ

ማይኩን ከስፖንጁ አውጡና ክዳን ባለው ትንሽ ዕቃ ውስጥ፣ ጫማ ሲገዛ አብረው ከሚመጡት የእርጥበት ማድረቂያ ከረጢቶች ሁለቱን ጨምራችሁ አስቀምጡ። በእርጥብ አየር ያደረ ማይክ በማግስቱ ሲንጣጣ ያመሻል። ሽቦውን ሳትፈቱ ወደ ጎን አጥፋችሁ ማሲንቆውን ማኅደሩ ውስጥ መክተት ለአንድ ሌሊት ይቻላል። ብዙ አዝማሪ ቤቶች ዝም በሚሉባቸው 55 የዓቢይ ጾም ቀናት ግን መያዣውን ከነጎማው ፍቱት፤ ለረጅም ጊዜ የተጠመጠመ ከመነዳሪ በሙቀቱ ይለጠፍና እንጨቱ ላይ ጥቁር ቀለም ይተዋል። ለፋሲካ ዋዜማ አዲስ ጎማ ቆርጣችሁ፣ በእርሳሱ መስመር ላይ መልሳችሁ እሰሩት፣ ርቀቱንም በክሩ ለኩ።